የሳሎን ግድግዳ ላይ ምን፣ የትና እንዴት ይሰቀል?

ሰሚት_ነዋሪ (ጠያቂ)

በቅርቡ ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ ሰሚት አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ ሶፋውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ እናቴ የሰጠችኝ አሮጌ ቡፌም ቦታቸውን ይዘዋል፤ የቀረኝ ግድግዳው ነው። ሁኔታውን በደንብ እንድትረዱልኝ አቀማመጡን ልግለጽ። ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ቴሌቪዥኑን ይመለከታል፤ በስተቀኙ፣ ማለትም በሰሜን በኩል፣ ወደ በረንዳ የሚያስወጣ ሰፊ የመስታወት በር አለ፤ በስተግራው ባለው የደቡብ ግድግዳ ላይ ደግሞ የመግቢያው በር ይገኛል። ሶፋው የተደገፈበት ግድግዳ አራት ሜትር ከሃያ ያህል ርዝመት አለው፤ ሶፋው ራሱ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። ቡፌው ከቴሌቪዥኑ በስተግራ፣ ከበረንዳው ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

የሚሰቀለው ነገር አላጣሁም። ከቤተሰብ የተረከብኳቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ ከፊሎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ባለ ቀለሞቹ ግን ወደ ቀይ እያደሉ ሄደዋል። የአያቴ ሁለት ሰፌዶች፣ በፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ የዓድዋ ጦርነት ሥዕልና የእመቤታችን ሥዕልም አሉኝ። ጓደኞቼ ሁሉንም ትቼ ሱቅ የሚሸጠውን ባለ ሦስት ክፍል የአበባ ሸራ ከሶፋው በላይ እንድሰቅል ይመክሩኛል። እናቴ በበኩሏ ፎቶዎቹ በሙሉ ከኮርኒሱ ሥር በአንድ መስመር ካልተደረደሩ ቤቱ የሰው ቤት አይመስልም ባይ ናት። እኔ ባዶ ግድግዳም ሆነ የታጨቀ ግድግዳ አልወድም። ብሎኬት አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው እንደሚቀር ስለማውቅ፣ ድሪል ከማንሣቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ብታማክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሥነ_ጥበብ_መምህርት

እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት። ብዙ ሰው «ምን ልስቀል?» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ ግን «ማን፣ የት ተቀምጦ ያየዋል?» ከሚለው ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ሳሎን ውስጥ እንግዳ ቆሞ ግድግዳ አያይም። ገብቶ ሰላምታ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ከሶፋው በላይ የሚሰቀለው ነገር በሩን ከፍቶ ለሚገባና በጎን ወንበር ለሚቀመጥ ሰው እንጂ ሶፋው ላይ ላለው እንግዳ አይታይም። ስለዚህ አንድ ቀን ማታ በየመቀመጫው እየተዘዋወሩ ተቀምጠው ከእያንዳንዱ ቦታ የሚታየውን ይመልከቱ፤ የትኛው ዕቃ የትኛው ግድግዳ ላይ መዋል እንዳለበት ግማሹ በዚያው ይፈታል።

ወደ ከፍታው ልምጣ። የሥዕል ማሳያ አዳራሾች የሥዕሉ መካከል ከወለል ከ145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ያደርጋሉ፤ ይህ የቆመ ሰው የዓይን ከፍታ ነው። ተቀምጠው ለሚያዩት ነገር ግን ከዚያ ዝቅ ማለት ይገባል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ደግሞ የክፈፉ ታችኛው ጠርዝ ከሶፋው መደገፊያ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ ከዚህ በላይ ሲርቅ ሥዕሉና ሶፋው የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። ስፋቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ በእርስዎ ሶፋ ልክ ወደ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ይመጣል። ይህ ስፋት በአንድ ትልቅ ሥዕል ሊሞላ ይችላል፤ በመካከላቸው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ባላቸው በርካታ ትንንሽ ክፈፎችም ሊሞላ ይችላል።

የዓድዋውን ሥዕል ከሶፋው በላይ እንዳያደርጉት እለምናለሁ። ይህ ዓይነቱ ሥዕል ከሩቅ በአንድ እይታ የሚጨበጥ አይደለም፤ ቀረብ ብለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ እየተከተሉ የሚያነቡት ነው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ በሰማይ ይታያል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም ከሠራዊቱ ጋር ይታያሉ፤ በነባሩ የአሣሣል ሥርዓት መሠረት የወገን ተዋጊ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሳል፣ ጠላት በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ብቻ ይሳላል። ከሶፋ በላይ ከሰቀሉት እንግዳ ይህን ለማየት በተቀመጠ ሰው ላይ መንጠራራት ይኖርበታል። በደቡብ ግድግዳዎ ላይ በመግቢያው በር አጠገብ፣ በቆመ ሰው የዓይን ከፍታ ቢሰቀል፣ ጫማ የሚያወልቅም ሆነ ተሰናብቶ የሚወጣ ሰው ቆም ብሎ ያየዋል።

ፍሬም_ቤት

ሥራዬ ክፈፍ መሥራት ስለሆነ በቁሶቹ ላይ ብቻ ልናገር።

ወደ ቀይ የተለወጡት ፎቶግራፎች የቀሉት ፀሐይ ስለመታቸው ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረው የቀለም ፎቶ ወረቀት ሦስት ቀለሞች ተደራርበው የሚሠሩት ሲሆን፣ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም በአልበም ውስጥ በጨለማ ቢቀመጥ እንኳ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደበዝዛል፤ የሚቀረው ቀዩና ቢጫው ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ማዋል የቀረውንም ማጥፋት ነው። ዋናውን በጥሩ ስካነር፣ ቢያንስ በኢንች 600 ነጥብ፣ አስነሥተው ቀለሙን ያስተካክሉና ቅጂውን ይስቀሉ፤ ዋናው በወረቀት ፖስታ ውስጥ ሆኖ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ጥቁርና ነጮቹ ከባለ ቀለሞቹ በእጅጉ ይጸናሉ፤ ለእነርሱም ቢሆን ቅጂ መስቀሉ ይበጃል።

ደንበኞች በብዛት የሚያመጡልኝ ችግር ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ነው። የፎቶ ወረቀት ገጽ ጄላቲን ስለሆነ በክረምት እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልስና መስታወቱን ይይዛል። የተጣበቀውን ለመላጥ በፍጹም አይሞክሩ፤ ከነመስታወቱ ስካን ያስደርጉት። አዲስ ሲያሠሩ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል መሐሉ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን እንዲገባ ይጠይቁ፤ ለዓይን ዕረፍት ከመስጠቱም በላይ ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ ያደርጋል።

የፍየል ቆዳው ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ ይሸበሸባል፣ ይኮማተራል፤ በክረምት ይላላል። በእንጨት ላይ በክር ተወጥሮ የተሠራ ከሆነ እንዳለ ይተዉት፣ ክሩ ከቆዳው ጋር አብሮ ይሠራል። መስታወት ካስፈለገው ከቆዳው ራቅ ብሎ ይግባ። በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፤ ቀለሙ ውሃ የሚፈራ ሊሆን ስለሚችል በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ቡና የሚያፈሉበትን ቦታም ይወስኑና ሥዕሉን ከዚያ ያርቁ፤ የከሰልና የዕጣን ጭስ ቅባትነት ያለው ስስ ሽፋን እያበጀ ይሄዳል፤ ያንን ከቆዳ ላይ ማስለቀቅ ለእኛም ከባድ ነው።

የቡፌው_ልጅ

ስለ እናትዎ ሐሳብ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ መድረክ ላይ ከኮርኒስ ሥር መስቀል ሁልጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት ስለሚታይ። በድሮው ቤት ፎቶ ከፍ ተደርጎ ብቻ አልነበረም የሚሰቀለው፤ ወደ ፊት እንዲያዘነብልም ይደረግ ነበር። ገመዱ በክፈፉ ጀርባ ዝቅ ብሎ ሲታሰር ራሱ ወደ ፊት ይደፋል፤ በዚህም ምክንያት የመስኮቱ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ አያርፍም፣ ታች ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰውም የአያቶቹን ፊት ያለ ችግር ያያል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አቡጀዲ የተወጠረበት ቤት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሳሎን ነበርና አሠራሩ ምክንያት ነበረው። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ዝቅተኛ ስለሆነና ሶፋውም ከዱካ ከፍ ስለሚል፣ ምክንያቱ ተለውጧል እንጂ እናትዎ የሚናገሩት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ነጸብራቅ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ገመዱን ዝቅ አድርጎ የማሰር ዘዴው ዛሬም ይሠራል።

ጀጎል_ተወላጅ

የታጨቀ ግድግዳ አልወድም ማለትዎን አነበብኩ። የሐረሪን ነባር ቤት፣ ጌ ጋርን፣ ገብተው አይተው ከሆነ ሐሳብዎ በመጠኑ ሊለወጥ ይችላል። በዋናው ክፍል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሊባል በሚችል ደረጃ በስፌት ሥራዎች፣ በሳህኖችና በጎድጓዳ ዕቃዎች የተሞላ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎችም ዕቃ ይቀመጣል። ይሁንና የገባ ሰው ዓይኑ አይጨነቅም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ ወለሉ ባዶ መሆኑ ነው። ሶፋ የለም፣ ቡፌ የለም፣ ጠረጴዛ የለም፤ መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባው ነደባ ነው፣ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራና ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን። የነደባው ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ያለቁትን ለማስታወስ ነው ተብሎ ይነገራል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የቤቱ ጌጥ ሁሉ ወደ ግድግዳው ወጥቷል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት ዕቃዎቹ ወገን ያላቸው መሆናቸው ነው፤ ስፌት ከስፌት፣ ሳህን ከሳህን ጋር ሆኖ፣ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን ተደርጎ ይሰቀላል።

ለእርስዎ ሳሎን ከዚህ የምወስደው እንዲህ ነው፦ ወለልዎ በሶፋና በቡፌ የተያዘ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ቁጠባ ያስፈልጋል፤ ሰፌድን ከፎቶ፣ ፎቶን ከቆዳ ሥዕል ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ አያዋህዱ። ሁለቱ ሰፌዶች ብቻቸውን ከቡፌው በላይ ቢሆኑ ይበቃሉ። ከቻሉ ግን ሦስተኛ ይፈልጉላቸው። ሁለት እኩል ክብ ነገሮች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ እንደ ዓይን ያፈጡብዎታል።

ግንበኛው

እህቴ፣ ስለ መብሳቱ እኔ ልንገርሽ።

ግድግዳሽ ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው። የብሎኬቱ ቅርፊት ስስ ስለሆነ ድሪሉን በመዶሻ ስልት አታሠሪው፤ ከውስጥ በኩል ሰፊ ጉድጓድ ይከፍትና ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ፣ የሚይዘው ያጣል። ያለ መዶሻ፣ በስድስት ወይም በስምንት ሚሊ ሜትር የግንብ ፑንታ ቀስ እያልሽ ብሺ። ፑንታው ላይ የምትፈልጊውን ጥልቀት በፕላስተር ምልክት አድርጊበት። ፊሸሩ ባዶው ሆድ ውስጥ ከገባና ከላላ፣ ቀዳዳውን በጅብሰም ሞልተሽ ሲደርቅ እንደገና መብሳት ወይም ረዘም ያለ፣ ከውስጥ ሲጠብቅ የሚሰፋ ፊሸር መጠቀም ነው። ቤቱ ጥግ ላይ ወይም ከላይ በኩል ድንገት የሚጠነክርብሽ ከሆነ ኮለን ወይም ቢም (የአርማታ ምሰሶ ወይም አግዳሚ) አግኝተሻል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ መዶሻው ያስፈልጋል። ቀለል ላለ ክፈፍ ለግንብ የሚሠራው ጠንካራ የብረት ሚስማር ይበቃል፤ ተራ ሚስማር ግን ልስኑን ሰንጥቆ ይታጠፋል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ የኤሌክትሪኩ ነው። ቱቦው ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፤ በዚያ መስመር ላይ በምንም ዓይነት አትብሺ። በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ጀርባ ባለው ግድግዳም የውሃ ቧንቧ ስለሚኖር ተጠንቀቂ።

ሌላው፣ ውሃ ልክ እውነቱን ቢናገርም ኮርኒሱ ራሱ ያዘመመ ሊሆን ይችላል። ከኮርኒሱ ሥር ተጠግቶ የተሰቀለ ክፈፍ በውሃ ልክ ትክክል ሆኖ ሳለ ጠማማ ይመስላል፤ ዓይን የሚያነጻጽረው ከኮርኒሱ ጋር ነውና። ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ይህ ችግር የለም።

ቤታቸው የጭቃ ለሆነ አንባቢዎች ደግሞ፦ ጭቃው ሚስማር አይይዝም። ግድግዳውን በጣት አጥንት እያንኳኳችሁ ቋሚውን ወይም ማገሩን ፈልጉና ሚስማሩን እንጨቱ ላይ ምቱ።

ሰሚት_ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። የመጀመሪያው ስለ እመቤታችን ሥዕል ነው፦ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይ ሥርዓት ስለሆነ ሥዕሉ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ቢሆን እወዳለሁ፤ ነገር ግን የምሥራቁ ግድግዳ ሶፋው የተደገፈበት ነው፤ እንግዳ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት መቀመጡ ደግሞ ይከብደኛል። ሁለተኛው ስለ ፀሐይ ነው። በረንዳው ወደ ሰሜን ስለሚዞር ፀሐይ አይገባም፣ ስለዚህ የትም ብሰቅል ችግር የለውም የሚል ምክር በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ፎቶ_አንሺ

የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያይም የሚለው ምክር አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላለ ቤት የተጻፈ ነው፤ በእኛ አገር አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለምትገኝ፣ በግምት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን ወደ ሰሜን ያጋደለች ናት። እኩለ ቀን ላይ በጣም ከፍ ስለምትል ወደ ቤት ዘልቃ አትገባም፤ ጠዋት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማታ ከሰሜን ምዕራብ ግን ሰያፍ ሆና በበረንዳው በር ትገባለች። በእርስዎ ቤት የጠዋቷ ፀሐይ የቴሌቪዥኑን ግድግዳ፣ የማታዋ ደግሞ የሶፋውን ግድግዳ ትመታለች፤ ይህም በተለይ ለበረንዳው ቅርብ የሆነውን ጫፍ ነው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ደመናው ያግዝዎታል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ፀሐይዋ እንዳለች ናት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ስለሆነች ደግሞ ጨረሩ ከቆላው የበረታ ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወትም ከፊሉን እንጂ ሁሉንም አያስቀርም።

ከዚህ ተነሥተን ስናይ ከፀሐይ የተጠበቀው ግድግዳዎ የደቡቡ፣ የመግቢያው በር ያለበት ነው፤ መምህርቷ ለዓድዋው ሥዕል የመረጡት ቦታ በዚህም በኩል ትክክል ነው። ሰፌዶቹም ከበረንዳው ርቀው ከቡፌው በላይ መሆናቸው መልካም ነው፤ በቀለም የተነከረ አክርማ በፀሐይ ቶሎ ይገረጣልና። የፎቶ ቅጂዎችን የሶፋው ግድግዳ ላይ ማድረግ ይችላሉ፤ ቢደበዝዙ ሌላ ቅጂ ይታተማል።

የሰንበት_ተማሪ

ስለ ቅዱስ ሥዕሉ፦ ሶፋው ከግድግዳው መካከል መሆን ግዴታው አይደለም። ሶፋውን ወደ በረንዳው በኩል ቢገፉት በምሥራቁ ግድግዳ የደቡብ ጫፍ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚሆን ነጻ ቦታ ያገኛሉ፤ ግን ይህ ቦታ ለመግቢያው በር ቅርብ ስለሆነ መተላለፊያ ይሆናል፤ እኔ አልመርጠውም። የሚሻለው ሁለተኛው መኝታ ቤት የምሥራቅ ግድግዳ ካለው እዚያ የጸሎት ቦታ ማዘጋጀት ነው። ትንሽ ጠረጴዛ፣ መጻሕፍቱ፣ ከላይ ሥዕሉ፤ ከፊቱም መጋረጃ። መጋረጃው በቤተ ክርስቲያን እንደምናየው ለክብር ነው፤ ፀሐይንና አቧራን መከላከሉም እንደ ተጨማሪ ጥቅም ይቆጠርለት። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ፊት ለፊት ወይም ጎን ለጎን ማድረጉ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ቤተል_አካባቢ

በእኛ ቤትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። በምንሰግድበት ክፍል የሰውም ሆነ የእንስሳ ምስል አንሰቅልም፤ የቤተሰብ ፎቶ ሳሎን ወይም አልበም ውስጥ ይቀመጣል። የቁርኣን ጽሑፍ ያለበት ክፈፍ ደግሞ ከፍ ብሎ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ከሚወስደው ኮሪደር ርቆ ይሰቀላል። የካዕባ ምስል ያለበት የግድግዳ ስጋጃ ካላችሁ፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል ዘንግ አስገብታችሁ ስቀሉት፤ በአራት ሚስማር ጥግ ጥጉን ስትቸነክሩት በጊዜ ብዛት መካከሉ ይረግባል።

ኪራይ_ላይ_ያለሁ

ሁላችሁም ያለፋችሁትን የአበባ ሸራ ልከላከልለት። ሁሉም ሰው የአያት ሰፌድና የዓድዋ ሥዕል የለውም። ባዶ ግድግዳ ሲያስጠላኝ በአቅሜ ያገኘሁት እርሱን ነው፤ ቀለሙ ከመጋረጃዬ ጋር ይስማማል፣ እንግዶቼም ያደንቁታል። ይህን ከተናገርኩ በኋላ ወደ ጠቃሚው ነገር ልለፍ፦ አከራዬ ግድግዳ መብሳትን አይፈቅዱም። አስፈቅጄ ያደረግሁት ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ረጅም ጣውላ በጥቂት ብሎኖች ማሳሰር ነው። ከዚያ ጣውላ ላይ በቀጭን ሽቦና በማንጠልጠያ የፈለግሁትን ሁሉ አወርዳለሁ፤ ቦታ ስቀይር አዲስ ቀዳዳ የለም። ጣውላው የግድግዳውን ቀለም ስለተቀባ ብዙም አይታወቅም።

ሥነ_ጥበብ_መምህርት

የአበባውን ሸራ የምንቃወመው አበባ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያ ዋጋ ከዚያ የተሻለ ነገር ስለሚገኝ ነው። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ከእነርሱ የዘይት ቀለም ሥዕል መግዛት ቢከብድ፣ በእንጨት ላይ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተም የሕትመት ሥራ አለ፤ ከአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ዋጋው ይቀላል፣ እያንዳንዱም በሠዓሊው እጅ የታተመና የተፈረመበት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ዓይንዎን ማሠልጠን ከፈለጉ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልን ይጎብኙ። እዚያ ሲገቡ ሥዕሎቹን ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው የተተወውን ባዶ ቦታም ልብ ይበሉ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እዚህ ሜሪላንድ ያለን ወገኖች ችግራችን ሌላ ነው። ግድግዳው የጅብሰም ቦርድ ስለሆነ በራሱ ክብደት አይሸከምም፤ ከጀርባው ያሉት ቋሚ እንጨቶች አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ፣ ማለትም በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ስለሚገኙ፣ ከበድ ያለ ክፈፍ እነርሱን ፈልጎ መሰቀል አለበት። ለቀላሉ ነገር ያለ ቀዳዳ የሚለጠፉት ማንጠልጠያዎች ይሠራሉ፤ በላያቸው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ ግን አክብሩ።

ከአገር ቤት ሥዕል ለምታመጡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች የምትገዙት አዲስ የቆዳ ሥዕል ከሆነ ደረሰኙን ያዙ። ዕድሜ ያለው ብራና፣ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም የእጅ ጽሑፍ ቅጠል ቢቀርብላችሁ ግን አትግዙ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ከመጽሐፉ ተገንጥሎ በክፈፍ የገባ የብራና ቅጠል በአንዳንድ ሳሎኖች ሳይ ያሳዝነኛል፤ አንድ ቅጠል ሲሰቀል አንድ መጽሐፍ ጎድሏልና።

ሰሚት_ነዋሪ (ጠያቂ)

በምክራችሁ መሠረት ዕቅዴን እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ እንከን ካለው ንገሩኝ። የፎቶዎቹን ቅጂ በአንድ ዓይነት ጥቁር ክፈፍ፣ ወፍራም ካርቶን ገብቶባቸው አሠርቼ ከሶፋው በላይ በሁለት ረድፍ እሰቅላለሁ፤ አጠቃላይ ስፋታቸው አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ይሆናል። በየክፈፉ ልክ ጋዜጣ ቆርጬ ግድግዳው ላይ ስለለጠፍኩ አደራደሩን ከየመቀመጫው አይቼዋለሁ፤ እናቴም መጥታ አይታ፣ የአያቴ ፎቶ በላይኛው ረድፍ መካከል ይሁን ከማለት በቀር አልተቃወመችም። ሰፌዶቹ፣ ከአክስቴ ከማገኘው ሦስተኛ ጋር፣ ከቡፌው በላይ ይሆናሉ። የእመቤታችን ሥዕል በሁለተኛው መኝታ ቤት የምሥራቅ ግድግዳ ላይ፣ ከመጋረጃ ጋር ይሆናል። ከቴሌቪዥኑ በላይ ምንም አልሰቅልም። የዓድዋውን ሥዕል ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ከመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ በላይ፣ መካከሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ እንዲያርፍ አስቤያለሁ።

ግንበኛው

ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ አትብሺ ብዬሽ ነበር፤ ሽቦው በዚያው ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ሥዕሉን ወደ ጎን፣ ከማብሪያው ቢያንስ ሃያ ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጊው፤ በሩ ሲከፈት እንደማይነካውም በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ አረጋግጪ። ቤቱ አዲስ ስለሆነ ልስኑ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ፣ ነጭ ጨው የሚተፋ ቦታ ካየሽ ደግሞ እዚያ ላይ ቆዳውን ለጊዜው አትስቀዪ። ከክፈፉ ጀርባ በታችኛዎቹ ሁለት ጥጎች ላይ ትንንሽ የቡሽ ቁራጮች አጣብቂበት፤ በግድግዳውና በሥዕሉ መካከል አየር ይዘዋወራል።

ፍሬም_ቤት

ቡሹን ለፎቶዎቹም አድርጊላቸው። ቀለሙ አዲስ ስለሆነ የክፈፉ ጥግ ግድግዳውን እንዳይጭረውም ይጠቅማል።